ተማሪው ራሱ የሚያዋቅረው ዲግሪ

በቡራዩ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ እዚህ ቡራዩ ለመድረስ ከሰበታ የተነሳችሁ በጅማ መንገድ አዲስ አበባ ገብታችሁ በአምቦ መንገድ ወጥታችኋል። ከሱሉልታ የመጣችሁም በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግራችሁ መሀል ከተማ ወርዳችሁ ነው የመጣችሁት። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ታክሲው ግን አሁንም አዲስ አበባ ወስዶ ነው የሚያገናኛችሁ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንም እንዲሁ ነው። ታሪክ የሚያጠናው፣ ቋንቋ የሚያጠናው፣ ሥዕልና ቴአትር የሚያጠናው ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ የሚያሻግር መንገድ የላቸውም።

ልነግራችሁ የመጣሁት ይህን ነው፦ በሂዩማኒቲስና በኪነ ጥበብ ዘርፍ የሚገባ ተማሪ አንድ ዋና ትምህርት ይዞ ከሌሎች ክፍሎች ደግሞ የሚፈልገውን እየመረጠ ዲግሪውን ራሱ እንዲያዋቅር ሊፈቀድለት ይገባል። እንደ እናንተ በሁለት ቋንቋ፣ በከተማና በገጠር መካከል ላደገ ልጅ ደግሞ ይህ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ያለውን አሠራር ተማሪዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዘጠነኛና አሥረኛን ጨርሶ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ልጁ ናቹራል ወይም ሶሻል ይላል። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ነው። ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይመጣል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን በር ያለፈው ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ ደግሞ በውጤቱ ተወዳድሮ ዲፓርትመንት ይመደባል። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ ቀድመው ይሞላሉ። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቋንቋ ክፍሎች ውስጥ የሚቀመጡት ብዙዎቹ ልጆች አንደኛ ምርጫቸው ሌላ የነበረ ናቸው። እኔ የማስተምረው እነዚህን ልጆች ነው። ሳምንታት ሳይሞላቸው ሥነ ጽሑፍን የሚወዱ አሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ የሚመረቁም አሉ። ሁለቱም ግን የሚወስዱት የኮርስ ዝርዝር ያው ነው፤ አንድ ኮርስ እንኳ በራሳቸው ፍላጎት ለመምረጥ ቦታ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀምር ትንሽ ነበር፤ አርት ያለው ሳይንስ ካለው ጋር በአንድ ግቢ ይውል ነበር። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ ሁሉም ተማሪ ሰፋ ያለ ትምህርት ይቀምስ ነበር። ከዚያ ወዲህም ለረጅም ዘመን ሜጀር እና ማይነር የሚባል ሥርዓት ነበረን። ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች ካሉ ታስታውሳላችሁ፤ ታሪክ ሜጀር ሆኖ ጂኦግራፊ ማይነር፣ የውጭ ቋንቋ ሜጀር ሆኖ ሶሲዮሎጂ ማይነር የያዘ ብዙ ሰው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግል፣ አብዛኛውም ያስተምር ነበር። መጽሐፍ የያዘ ልጅ ሄዶ የአገሩን ሕዝብ ያየበት ዓመት ነው፤ በዚያ ትውልድ ጽሑፎች ውስጥ የገጠሩ ኑሮ በቅርበት የሚታየው ከዚህም የተነሳ ይመስለኛል።

በ1996 ዓ.ም. ግድም የመሰናዶ ትምህርት ቦታውን ያዘና ፍሬሽማን ቀረ፤ ዲግሪውም ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ከመቶ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ተወሰነ። ቀጥሎም በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ሆኖ የተዘጋጀ ሞዱላር ካሪኩለም መጣ። አገሪቱ መሐንዲስ አያስፈልጋትም አልልም፤ ያስፈልጋታል። ሆኖም የሂዩማኒቲስ ትምህርት በሦስት ዓመት ውስጥ ሲታጨቅ ከተቆረጡት አንዱ ማይነሩ ነበር። ያ ከተቆረጠ ወዲህ ታሪክ ተማሪው ቋንቋ አይማርም፣ ቋንቋ ተማሪው ታሪክ አይማርም።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልናመሰግንበት ይገባል። ዛሬ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ሳይቀር ይወስዳል። ችግሩ ያ ሁሉ ስፋት አንደኛ ዓመት ሲያልቅ አብሮ ማለቁ ነው። አንትሮፖሎጂ ወድዶ የመጣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ተጨማሪ የአንትሮፖሎጂ ኮርስ ልውሰድ ቢል የሚያስተናግደው የለም። በር ላይ ያሳዩትን ዓለም ከገባ በኋላ ይዘጉበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን ላንሳ። አንደኛው በዚሁ በአምቦ መንገድ ሽቅብ የተወለደ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን። ቦዳ ተወለደ፣ አምቦ ተማረ፣ በልጅነቱ ኦሮምኛም አማርኛም ግዕዝም አብረውት አደጉ። አዲስ አበባ መጥቶ ንግድ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቴአትርን ሙያ በቅርብ ያየው። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ የመለሰ፣ ስለ ኦዳ በእንግሊዝኛ ተውኔት የጻፈ፣ ስለ ጥንታዊ ግብፅ ታሪክ የተመራመረ ሰው ነው። በዛሬው ምደባ ጸጋዬ የት ይገባ ነበር? ሕግ? ቴአትር? የኢትዮጵያ ቋንቋዎች? አንዱ ጋ ገብቶ ከሌላው ይቀር ነበር። ቴአትሮቹ ውስጥ ያለውን የችሎት ሙግት፣ የሁለት ወገን ክርክር ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ሕግ መማሩ የት እንደገባ ያያል።

ሁለተኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ጅማ ተወለደ፤ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። እዚያ በነበረበት ትምህርት ቤት ሙዚቃ አገኘና ወደዚያው አዘነበለ፤ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገባ። ኢትዮ ጃዝ ያልነውን ያመጣልን ይህ መንገድ ነው። ብዙ ቆይቶ፣ ጎልማሳነቱን አልፎ፣ በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተመራማሪ በነበረበት ጊዜ ክራርን ለዘመናዊ ሙዚቃ እንዲመች አድርጎ ለማሻሻል ከኤምአይቲ ባለሙያዎች ጋር ሠርቷል። ገና በወጣትነቱ ሊማር የሄደው ምህንድስና በስተርጅና ከሙዚቃው ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

እነዚህ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ናቸው፤ ለተራው ልጅ ምሳሌ አይሆኑም የሚለኝ ይኖራል። ትክክል ነው፤ እነሱ በሩ ቢዘጋም በመስኮት ይገቡ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ተራው ልጅ ነው፤ መስኮት የማያገኘው እሱ ነውና።

ስለዚህ ወደ ሰበታ እንሂድ። ሰበታ ውስጥ ከአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው መርሐ ዕውራን አለ። አብዛኞቻችሁ አጥሩን አይታችሁ አልፋችኋል። እዚያ አንድ ሕፃን ማንበብ ሲማር ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ ሁለት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ነጥብ። ልጁ ወረቀቱን በሰሌዳው መሃል አስገብቶ በወስፌ መሰል መውጊያ እየወጋ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነብበዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ የከተማውን ስም ሊጽፍ ነው። በግዕዝ ፊደል ሰበታ ሦስት ቅርጽ ነው። በአማርኛ ብሬል ግን ተናባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚወጋ ስድስት ሕዋስ ይፈጃል። በአፋን ኦሮሞው ፊደል በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ይደገማል፣ የሚረዝመው አናባቢም ይደገማል፤ ስምንት ፊደል ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ቁቤ ያሳያል። ልጁ እንግሊዝኛም ይጨምርበታል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሆነው ሕፃን በጣቱ ጫፍ ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት ይዞ ይዞራል።

ይህን ልጅ የሚያስተምር፣ መጽሐፍ የሚያዘጋጅለት፣ የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጥርቶ እንዲናገር የሚሠራ ሰው ምን ተምሮ ነው የሚወጣው? ሥነ ልሳን ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ለምን ስድስትና ስምንት እንደሆነ አይገባውም። ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስፈልገዋል። ትንሽ ኮምፒዩተር ያስፈልገዋል። ተረትና ግጥም ያስፈልገዋል፤ ልጁ የሚያነበው ነገር መጣፈጥ አለበትና። ሥዕል ሳይቀር ያስፈልገዋል፤ በጣት የሚዳሰስ ካርታና ምስል የሚቀርጽ እጅ ይፈልጋል። አራቱም አምስቱም ትምህርት በአገራችን ይሰጣል። አንድ ተማሪ ግን ሁለቱን እንኳ አጣምሮ የሚይዝበት ዲግሪ አላውቅም።

ከሰበታ ወደ ፍርድ ቤት ልውሰዳችሁ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በእነዚህ ሦስት ከተሞች ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ አለ፤ ተከራካሪው አንዳንዴ አማርኛ፣ አንዳንዴ ጉራጊኛ፣ አንዳንዴ ሌላ ቋንቋ ብቻ ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ጥሩ ሕግ ነው። አስተርጓሚው ግን ከየት ይመጣል? ቋንቋ የሚችል ሰው ሁሉ አስተርጓሚ አይደለም። የወንጀል ጉዳይ ባይሆንም የመሬት ክርክርን አስቡ። አዛውንቱ ገበሬ ድንበራቸውን ሲያስረዱ በዋርካው በኩል፣ ከጅረቱ ወዲህ፣ አባቴ ከብት ያጠጣበት ከነበረው ብለው ነው። ዳኛው የሚፈልጉት ይዞታ፣ ካሣ፣ ይርጋ የሚሉ ጉዳዮችን ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ሰው ሁለት ቋንቋ ከመቻሉ ሌላ የሕግ መሠረታዊ ሐሳብ ማወቅ አለበት፤ የአካባቢውን ወግና የመሬት ሥሪት ታሪክ ማወቅ አለበት። አንድ ቃል አሳስቶ ቢያስተላልፍ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን ለፌዴራል የሥራ ቋንቋነት አጭቷል። ይህ በሥራ ላይ ሲውል በየመሥሪያ ቤቱ ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንደሚያስፈልግ አስቡት። የቡራዩ ልጅ ደግሞ ግማሹን ትምህርት ሠፈሩ ውስጥ ሲጫወት ተምሮት አድጓል። ዩኒቨርሲቲው ቀሪውን ግማሽ ቢያገናኝለት ይበቃዋል።

ወላጆች የምትጠይቁትን አውቃለሁ፤ ልጄ ይህን ተምሮ ምን ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አድበስብሼ አላልፈውም። ሦስት ትልልቅ እንቅፋቶች አሉ።

አንደኛው የሥራ ማስታወቂያ ነው። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን አንብባችሁታል፤ በዚህ የትምህርት ዘርፍ ወይም በተዛማጅ ይላል። የሰው ሀብት ክፍሉ ሠራተኛ የዲግሪውን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ስሙ ካልገጠመ ፋይሉን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። እሱን አልወቅስም፤ መመሪያው ያዘዘውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ካሪኩለም ቢቀይር ልጆቻችንን ለችግር ይዳርጋል። የመንግሥት የሥራ መደብ ዝርዝር አብሮ መስተካከል አለበት፤ ማይነሩም በዲግሪው ላይና በትራንስክሪፕቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሕግ ማይነር የያዘ የቋንቋ ምሩቅ ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሲያመለክት ወረቀቱ ራሱ ይናገርለት።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ በተማረው ዘርፍ አገር አቀፍ ፈተና ወስዶ ግማሽ ማምጣት አለበት። ፈተናው በየፕሮግራሙ ተለይቶ የሚወጣ በመሆኑ አጣምሮ የተማረ ልጅ የቱን ይፈተናል? የእኔ ሐሳብ ዋናውን ዘርፍ ይፈተን ነው። የማይነሩ ምዘና በተግባር ሥራ ይሁን፤ የተረጎመው ሰነድ፣ የሰበሰበው የቃል ታሪክ፣ ያዘጋጀው ተውኔት ወይም ዐውደ ርእይ ይታይ። ለዚህ የተከፈተ ሕጋዊ በርም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝነት ከገንዘብና ከሹመት ባሻገር ካሪኩለም ላይም ቢታይ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ጥልቀት ነው። መምህራን ባልደረቦቼ አጥብቀው የሚያነሱት ይህን ነው፤ ከዚህም ከዚያም የለቀመ ተማሪ የትኛውንም ሳይዘልቅ ይወጣል ይላሉ። እውነት አላቸው። ለዚህ ነው ዋና ዘርፍ ይኑር የምለው። ሲሦ ያህሉ ኮርስ ነፃ ሆኖ የቀረው በአንድ ዘርፍ ይጥለቅ። የቅኔ ቤት ተማሪን ተመልከቱ። ዋሸራ ተምሮ ጎንጅ ይሄዳል፤ ከዚያም ዋድላ። መምህሩን ራሱ መርጦ ነው ስንቁን ይዞ የሚጓዘው፤ ዜማ ከፈለገ ቤተልሔም፣ መጽሐፍ ከፈለገ ጎንደር ይዘልቃል። ሰዋስው፣ ግጥም፣ ታሪክና ሥነ መለኮት አንድ ቅኔ ውስጥ ይገናኙበታል። ማንም ግን የቅኔ መምህር ላይ ላዩን ያውቃል ብሎ አይጠረጥረውም፤ በሚመረጥ ትምህርትና በጥልቀት መካከል ጠብ እንደሌለ ለዘመናት ያየነው ነገር ነው።

ክላውድ ሰምነርንም ልጥቀስ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1940ዎቹ መጥተው አዲስ አበባ ፍልስፍና ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ጉዳይ ጨምሮ በግዕዝ ጽሑፎች ላይ በርካታ ቅጾች አሳተሙ፤ በኋላ ደግሞ ወደ ኦሮሞ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ ዘፈኖችና ተረቶች ዞረው በሦስት ቅጽ አወጡ። ፍልስፍና፣ ፊሎሎጂና ፎክሎር በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። አንድ የሱሉልታ ልጅ ይህን ሥራ ለመቀጠል ቢነሳ ከሰምነር በላይ መሣሪያ አለው፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ከአያቱ አፍ ሰምቶታል። የጎደለው ፍልስፍናውንና የምርምር ዘዴውን አንድ ላይ የሚሰጠው ክፍል ነው።

በሌላው ዓለም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋና ውስጥ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈተው አሼሲ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተርና ቢዝነስ የሚማሩትን ልጆች ሳይቀር ሂዩማኒቲስና ሥነ ምግባር ያስተምራል። እንግሊዝ በዚያው አቆጣጠር በ1969 የተመሠረተው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሥራ ላይ ላሉ ጎልማሶች በርቀት ያስተምራል፤ ከተለያዩ ዘርፎች ኮርስ እየመረጡ የሚገነቡት ዲግሪም አለው። ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ አቶ መለስ ዜናዊ በሥልጣን ላይ ሆነው የማስተርስ ዲግሪያቸውን በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ያገኙት ከዚሁ ተቋም ነበር። አገር የሚመራ ሰው ከሥራው ጋር አስማምቶ መማር ከቻለ፣ ሱሉልታ ላይ ወተት አስረክባ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ ከሰዓት በኋላ ብቻ ጊዜ ያላት እናትም ትችላለች። የጅምር ትምህርቷ ክሬዲት ተቀምጦ ቢጠብቃት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አሁን ግን ኤክስቴንሽን የጀመረች ሴት ወልዳ ከቀረች ከዜሮ ልትነሳ ትችላለች። በአካባቢያችን ያሉት የግል ኮሌጆችም በአብዛኛው አካውንቲንግና ማኔጅመንት ላይ ስላተኮሩ ታሪክ ወይም ቋንቋ መማር ለምትፈልግ ሴት ወደ አዲስ አበባ ማዶ መመላለስ ነው ያላት።

ለከተማ አስተዳደሩ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የእርሻው መሬት ፋብሪካና መኖሪያ እየሆነ ነው። ከእርሻው ጋር የዚያን መሬት ነገር የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። የገፈርሳ ግድብ ሲሠራ ምን ነበር፣ ከዚያ በፊት ሜዳው ላይ ማን ይኖር ነበር፣ የትኛው ምንጭ የማን ነበር፤ ይህን የሚመዘግብ ልጅ ታሪክም ጂኦግራፊም ቋንቋም የተማረ መሆን አለበት። ከተማው ለዚህ ዓይነት የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ልጆቹ የመዝገብ ቤቱን በር ቢከፍትና የትራንስፖርት ወጪ ቢሸፍን ብዙ ገንዘብ አይጠይቀውም። የሰነዶቹ ቅጂ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

እናንተ ተማሪዎች ግን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል አትጠብቁም፤ በመጪው ዓመት ትመደባላችሁ። ስለዚህ ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት ወደ ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሂዱና ካሪኩለሙን በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡ። ኤሌክቲቭ የሚል ኮርስ ካለ ስንት እንደሆነና በእርግጥ እንደሚከፈት ጠይቁ፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ የማይከፈት ብዙ ነውና። ከሌላ ክፍል ኮርስ ያለ ክሬዲት መከታተል ይፈቀድ እንደሆነ መምህሩን በቀጥታ ጠይቁ፤ ብዙ መምህር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ለመስማት የመጣን ተማሪ በደስታ ነው የሚቀበለው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከሁለት ዘርፍ መካከል ምረጡ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ አማርኛችሁን፣ አማርኛ የምትናገሩ አፋን ኦሮሟችሁን እስከ መጻፍ ድረስ አድርሱት፤ ይህንን ማንም ዲፓርትመንት አይመድብላችሁም። የማይነር ጥያቄያችሁንም በተማሪዎች ኅብረት በኩል ፊርማ አሰባስባችሁ ለሴኔቱ በጽሑፍ አቅርቡ። ማመልከቻውን ስታረቅቁ የምትፈልጉ ከሆነ እኔም አብሬያችሁ እቀመጣለሁ።